ጥር 14 ላይ የቆመች መንደር

ውድ ዓለምፀሐይ፣

«ይሄ ነገር የሞተ ያስነሳል» ሲባል ሰማሁ። ተናጋሪው እዚህ ናይሮቢ ኢስትሊ፣ ከአንቺና ከትዕግስት ምግብ ቤት ማዶ ባለው ሞል ሁለተኛ ፎቅ ላይ ስልክ የሚጠግነው ኸባብ ነበር። የሚያናግረውም እኔን ሳይሆን አንዲት ደንበኛውን ነው። አንቺ እንደምታውቂው ሰው የተናገረውን እንዳለ የመቀበል ልማድ አለኝ። የሰው ወረቀት እየተረጎምኩ የምኖር ሰው ስለሆንኩ ባለቤቱ ያላለውን አልጨምርም፣ ያለውንም አልቀንስም። የሞተ ያስነሳል ከተባለ ያስነሳል ማለት ነው። ስለዚህ ገብቼ ወረፋ ያዝኩ።

የሞተው ነገር ኪሴ ውስጥ ነበር። ያ እንደ መጽሐፍ የሚታጠፈው፣ ባለ ሁለት ስክሪኑ የልጃችን የሚዛን ጌም ነው። የሚዛን የምለው ለወጉ ያህል ነው። ልጃችን ሰባት ዓመቷ ሳለ እዚያው ኢስትሊ አሮጌውን ገዝቼላት፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው አንቺ ወረስሻት። ስትሄጂ ለአንድ ወር ብቻ ነው ብለሽ ጥለሽው ሄድሽ። ከዚያ በኋላ ማንም አልከፈተውም። ባትሪው አብጦ ክዳኑን ገፋው፣ ላይኛው ስክሪን ጠቆረ፣ ሚዛንም መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። እኔ ይህን ሳይ አንድ ነገር ገባኝ ብዬ አሰብኩ፤ ልጅቷ የእናቷን ነገር እንደ አስከሬን አጥፋ አስቀመጠችው አልኩ። ብዙ መጽሐፍ ያነበበ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ቶሎ ይገባዋል።

የሄድሽበትን ምክንያት ላስታውስሽ አይደለም የምጽፈው። ያለፈው ዓመት ጥምቀት እንዳለፈ አባትሽ ጋሽ ሐብተማርያም ታመሙ፣ ልታስታምሚያቸው አዲስ አበባ ሄድሽ። እሳቸው ዳኑ። አሁን በእግራቸው ቤተ ክርስቲያን ደርሰው እንደሚመለሱ ሚዛን ነግራኛለች፤ ከልቤ ደስ ብሎኛል። አንቺ ግን እዚያው ነሽ። እሑድ እሑድ ከሚዛን ጋር አውርታችሁ ስትጨርሱ ስልኩ ወደ እኔ ይመጣል። ደህና ነህ ትዪኛለሽ፣ ደህና ነኝ እልሻለሁ፣ ከዚያ ስለ ዝናብ እናወራለን። ሁለት የተማሩ ሰዎች ለአንድ ዓመት ተኩል ስለ ዝናብ ማውራት እንደሚችሉ አላውቅም ነበር። ትመለሺ እንደሆነ አልጠየቅኩሽም፣ አንቺም አልነገርሽኝም። አንድ ጊዜ ልጠይቅሽ አፌን ስከፍት «ናይሮቢስ ዘነበ?» አልሽኝ፤ ዘንቦ ነበር።

እናም አንድ ሐሳብ ያዘኝ። ብትመለሺ ሁሉንም እንደተውሽው ልታገኚው ይገባል። ቤቱ አላስቸገረኝም፤ ምንም ነገር ሳይነኩ መኖር ለእኔ ተሰጥኦ ነው። ምግብ ቤቱን ትዕግስት ይዛዋለች፣ እንዲያውም ያለ አንቺ የተሻለ ይሄዳል ይባላል፤ ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም። የቀረችው ጌሙ ውስጥ ያለችው መንደርሽ ናት።

መንደርሽን እኔ ከውጭ ነው የማውቃት፣ በትከሻሽ በኩል። ኮረብታ ላይ ያለች፣ ሰባት ስምንት ቤት ያላት ቦታ ናት። ጎመን ትተክያለሽ፣ ወንዝ ወርደሽ ውሃ ትቀጃለሽ፣ ማር የምትሸጠው ባልቴት ትጠራሻለች፣ ሸክላ ሠሪው ያኮርፍሻል፣ ወፍጮ ጠባቂው ስለ ጉልበቱ ያማርርልሻል። ሌላ ምንም አይሆንም። ማንም አያሸንፍም፣ ማንም አይሞትም። የጌሙ ሕግ አንድ ነው። ባለቤቱ ካልመጣ አረም ይበቅላል፣ ጎረቤቶቹም አንድ በአንድ ዕቃቸውን ጭነው ይሄዳሉ። የሠራው ሰው ኢስትሊ ተከራይቶ የኖረ ይመስለኛል።

መጀመሪያ ስትከፍቺው ዛሬ ቀኑ ስንት ነው ብሎ ጠየቀሽ። አንቺም ነገርሽው፤ ዓመቱ 2010፣ ወሩ ሁለት፣ ጥቅምት ስለነበር። እኔ አጠገብሽ ተቀምጬ የፈረንጁን ነው የሚፈልገው ስልሽ፣ «የጠየቀው እኔን አይደል እንዴ?» አልሽኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ ጃፓን የተሠራ ማሽን በእኛ አቆጣጠር ኖረ። ቀኑ 12 ሲል ሚካኤል፣ 21 ሲል ማርያም ነበር፤ በእነዚህ ቀናት ጎመንሽን ውሃ ታጠጪያለሽ እንጂ ዶማ አታነሺም። ትዕግስት ከማድ ቤት «ዛሬ ስንት ነው?» ብላ ስትጮህ ጌሙን ከፍተሽ ታዪላት ነበር።

ማሽኑ ግን በደንብ አልተማረም። መስከረምን ሠላሳ አንድ ቀን ያደርገዋል። ጥቅምትን ሁለተኛ ወር ነው ብሎ በሃያ ስምንት ይዘጋዋል፤ የጥቅምት በዓለ ወልድ ለእሱ የለም። ጳጉሜንማ ጭራሽ ሰምቶ አያውቅም። በየወሩ መጨረሻ ቁጭ ብለሽ ታርሚው ነበር። ጳጉሜ ላይ ታጠፊውና ጎረቤቶቼ ዕረፍት ላይ ናቸው ትያለሽ። መስከረም አንድ ቀን ደግሞ ማሽኑ የራሱ አዲስ ዓመት ነው ብሎ ርችት ይተኩሳል፤ ለእሱ ወሩ የብርድ ስለሆነ ርችቱ በረዶ ላይ ነው የሚፈነዳው። «አየህ፣ እንቁጣጣሽን ያውቃል» አልሽኝ፤ በዚያ ዓመት ከኤምባሲው ድግስ ይልቅ ያ ርችት ነበር ያስደሰተሽ።

ወደ ኸባብ ልመለስ። የሞተ ያስነሳል የተባለው ከቻይና የመጣ፣ መዳፍ የሚያህል የጌም መጫወቻ ነው። ልዩ የሚያደርገው ክፍት መሆኑ ነው አለኝ። የገዛው ሰው የፈለገውን ሲስተም ይጭንበታል፣ ያፈርሰዋል፣ መልሶ ይገጥመዋል፣ የሠራው ኩባንያም ለምን ነካኸው አይለውም። በራሱ ምንም ጌም የለውም። ሥራው የድሮ ማሽኖችን መስሎ መቅረብ ነው፤ ይህን የሚያደርግለት ፕሮግራም ኢሙሌተር ይባላል። የድሮው ጌም ሲነሳ የተሠራበት ማሽን ውስጥ ያለ ይመስለዋል። የሚጠይቀውን ሁሉ በድሮው ቋንቋ ይመልሱለታል። አገር እንደቀየረ ማንም አይነግረውም። ኸባብ ይህን ሲያስረዳኝ ይከብደዋል ብሎ ሰግቶ ነበር፤ ናይሮቢ ሃያ ዓመት ለኖረ ሰው አይከብድም።

ኸባብን አታውቂው ይሆናል፤ የሞያሌ ልጅ ነው፣ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፣ አማርኛው ከእኔ የጠራ ነው፣ በስዋሂሊ ይሳደባል። ሰፈሩ ሁሉ «ፉንዲ» ነው የሚለው፣ ጠጋኙ ለማለት። ያበጠውን ባትሪ ሲያይ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለና ይሄን ኪስህ ውስጥ ይዘህ ማታቱ ሚኒባስ ተሳፈርክ አለኝ። አዎ አልኩት። ከዚያ ትንሿን የጌም ካርድ ከድሮው ማሽን አውጥቶ ሌላ መሣሪያ ላይ ሰካት፣ ውስጧ ያለውንም ቀዳው። ሙሉ ነው አለኝ። መንደርሽ፣ ጎመንሽ፣ ባልቴቷ፣ የወፍጮ ጠባቂው ጉልበት፣ ሁሉም ተደምሮ ከአንድ ፎቶ ያንሳል።

ቀጥሎ የተናገረውን በደንብ ነበር ያዳመጥኩት።

«ጋሼ ታዴ፣ ጌሙ የራሱ ሰዓት የለውም። ቀኑን ማሽኑን ነው የሚጠይቀው፣ ማሽኑ ያለውን ያምናል። እንደቆመ እንዲነሳ ከፈለግክ የቆመበትን ቀን ልስጠው። መቼ ነው?»

ጥር 14፣ ያለፈው ዓመት አልኩት። የሄድሽበት ቀን ነው፤ ጠዋት ጎመንሽን ውሃ አጠጥተሽ ከሰዓት በረርሽ።

«በቁጥር ንገረኝ።»

እዚህ ላይ ስለ ሥራዬ አንድ ነገር ማለት አለብኝ። እኛና ኬንያውያን በሰዓት ተስማምተናል፤ እነሱም በስዋሂሊ ሲያወሩ እንደኛው ከንጋት ጀምረው ይቆጥራሉ። ያልተስማማነው በዓመቱ ነው፣ የእኔ እንጀራ ያለውም እዚያ አለመስማማት ላይ ነው። የልደት ካርድ ይመጣል፣ እቀይራለሁ። የጋብቻ ወረቀት ይመጣል፣ እቀይራለሁ። ሰው ጥር 14፣ 2017 ሲለኝ አፌ ሳይጠይቀኝ ይመልሳል። ጃንዋሪ 22፣ 2025 አልኩት። ሳልቆጥር። ኸባብ አድንቆ «ፕሮፌሽናል» አለኝ። እኔም ትንሽ ኮራሁ።

ሳውዝ ሲ፣ ቤት ስደርስ ሚዛን ጠረጴዛው ላይ የቤት ሥራዋን ዘርግታ ነበር። ቁመቷ ካንቺ ሊበልጥ ነው፤ በስልክ አይታይሽም ይሆናል። መጫወቻውን አስቀመጥኩላት። «ባባ፣ ዋት ኢዝ ዚስ?» አለችኝ፣ ሳትጠብቀኝም አበራችው። ሁለቱ ስክሪኖች ጎን ለጎን ተጠጋግተው ወጡ፤ አንድ ቁልፍ ጫነችና አንዱን አተለቀችው። መመሪያ አላነበበችም። የመንደርሽ ሙዚቃ ሲጀምር እጇ ትንሽ ቆም አለ፤ ይህን አይቻለሁ።

ከዚያ መንደሯ መጣች። መጀመሪያ ሌላ ጌም መሰለኝ። መሬቱ አይታይም፣ አረም ብቻ ነው። ጎመንሽ የነበረበት ቦታ ግንድ የሚያህል እሾህ ወጥቶበታል። የሸክላ ሠሪው ቤት በጣውላ ተመትቷል፣ ወፍጮው ቆሟል። ሚዛን በአረሙ መሃል እየዞረች በየበሩ ቆመች፤ የሚከፍት የለም። በመጨረሻ ማር የምትሸጠው ባልቴት ከአንድ ጥግ ብቅ አለችና በእንግሊዝኛ ተናገረች። ስተረጉመው፣ «አንቺ ነሽ? የረሳሽን መስሎኝ ነበር። ከሰባት ዓመት በላይ ሆነ እኮ» አለች።

ሰባት ዓመት የሚለውን ስሰማ ያደረግኩት ገባኝ። አንቺ ለማሽኑ የኛን ቀን ነግረሽው ነበር፣ ለእሱ ዓመቱ 2017 ነው። እኔ ቀይሬ 2025 አልኩት። መንደርሽ በእኛና በፈረንጆች መካከል ያለውን ዓመት ሁሉ በአንድ ቁልፍ አሳለፈችው። ይህን ስህተት ሌላ አገር የተወለደ ተርጓሚ ሊሠራው አይችልም፤ ቢሞክርም አያውቅበትም።

ኸባብ ጋ ደወልኩ። ከሳቀ በኋላ «ፖሌ» አለኝ፤ አዝናለሁ ማለቱ ነው። ቀድቶ ነው እንጂ ዋናውን አልነካውም፣ የድሮዋ ካርድ ላይ እንዳለ ነው፣ ነገ ካመጣኋት በፊተኛው ቀን ያነሳልኛል። ቁጭ አልኩ። ሚዛን ግን አረም እየነቀለች ነበር።

«ተይው፣ ነገ ይስተካከላል» አልኳት።

«ለምን?»

«እናትሽ ስትመጣ እንደነበረ እንድታገኘው ነዋ።»

ቁልፉን መጫን አላቆመችም። «ባባ፣ ማን ጠየቀህ?»

«አንቺ ነሻ። ጌሙን መሳቢያ ውስጥ አጥፈሽ ያስቀመጥሽው ለምንድን ነው?»

«ባትሪው እንዳይፈነዳ። ሴፍቲ ነው።»

የወፍጮውን መንገድ ጨረሰችና፣ ዓይኗን ሳታነሳ፣ ያበላሸሁት ቀን ትክክለኛው ቀን እንደሆነ አስረዳችኝ። ሰው ከሌለ አረም ይበቅላል፣ ሰው ከመጣ ይነቀላል፣ ይኸው ነው። ከዚያ እማዬን ለምን አትጠይቃትም አለችኝ።

«ምኑን?» አልኩ።

«ባባ።»

አንድ ቃል ናት። ወደ እንግሊዝኛ ልመልሳት ብሞክር አንድ ገጽ ትወስድብኛለች፣ ማኅተም አድርጌ ለማንም ማስረከብ ግን አልችልም።

መጫወቻውን ሰጠችኝና ያንን ጥግ አንተ ንቀል፣ እኔ የሂሳብ ፈተና አለብኝ አለችኝ። ነቀልኩ። ጣቴ ስለማይታዘዝ ሁለት ጊዜ ወንዝ ውስጥ ገባሁ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ባልቴቷን በዶማ መታኋት፤ ደግነቱ ጌሙ አይቆጥረውም። ከምሽቱ ያተረፍኩት ትንሽ ባዶ መሬት ነው። ለምን ዓመታት ሙሉ ከዚህ ነገር ላይ እንደማትነሺ ያን ጊዜ ትንሽ ገባኝ። ሠርተሽ ስትጨርሺ የሠራሽው ይታያል። በትርጉም ሥራ እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ ጥሩ ከሆነ ጭራሽ አይታይም።

ቢሆንም በማግስቱ ኢስትሊ ሄድኩ። ምን ላድርግ፣ እኔ ነኝ። ኸባብ ዋናውን መንደር መጫወቻው ውስጥ በሚገባ ሁለተኛ ሚሞሪ ካርድ ላይ አኖረልኝና አሁንም ቀኑን ጠየቀኝ። ዓመቱ 2017፣ ወሩ አምስት፣ ቀኑ 14 አልኩት።

«ትናንት ሌላ ነበር ያልከኝ።»

«ትናንት ተርጉሜው ነበር» አልኩት።

ሲስተሙ ያለው ካርዱ ላይ ስለሆነ ካርዱን ስትቀይሪ መጫወቻው በሌላ ቀን ላይ ይነሳል። እንዲህ ሆኖ አሁን ሁለት መንደር አለን። የሚዛን ካርድ ላይ ጊዜው ይሄዳል። አረሙ አልቋል ማለት ይቻላል፤ ወፍጮው ቤት ውስጥ አንዲት ነጠላ ጫማ ሰፊ ገብታለች፣ አዲስ ጎረቤት፣ ትንሽ ለፍላፊ ናት። የእኔ ካርድ በበራ ቁጥር ጥር 14 ነው፣ ኸባብ እንዲህ አድርጎ አሰረልኝ። ሚዛን ትምህርት ቤት ስትሄድ ካርዱን ቀይሬ እከፍተዋለሁ። ጎመኑ አንድ ቀን ቀርቶታል። ሸክላ ሠሪው እንዳኮረፈ ነው። ባልቴቷ ነገ እንገናኝ ትለኛለች። አጠፋዋለሁ። በማግስቱ ስከፍተው ጎመኑ አንድ ቀን ቀርቶታል፣ ባልቴቷም ነገ እንገናኝ ትለኛለች። ምንም አልበላሸም። ምንም አልደረሰም።

ባለፈው ሳምንት ሳጠፋው ይህ ነገር የማውቀው ነገር መሆኑ ታወቀኝ፤ የእሑድ የስልክ ወሬያችን ነው። አንቺ ዘነበ ትያለሽ፣ እኔ ዘነበ እላለሁ፣ የሚደርስ ነገር የለም። ልጅቷ ያለችውን ለማድረግ ይህን ያህል ጊዜ የፈጀብኝ ለዚህ ነው፤ መንደሯን እንደነበረች ካቆየሁ መጠየቅ የሚያስፈልገኝ አልመሰለኝም ነበር።

ስለዚህ ዓለምፀሐይ፣ ሳልተረጉም እጠይቅሻለሁ። ትመለሻለሽ ወይ? የምትመለሺ ከሆነ መቼ እንደሆነ ንገሪኝ፤ በየትኛው አቆጣጠር እንደምትነግሪኝ አንቺ ታውቂያለሽ፣ እኔ አልነካካውም። የማትመለሺ ከሆነም ይህንኑ በይኝ። አልቆጣም፤ ቁጣ የት እንደሚቀመጥ እንኳ አላውቅም፣ ቤቱን አንቺ ነሽ የምታውቂው። ብቻ ከእንግዲህ ስለ ዝናብ አትጠይቂኝ።

ትዕግስት በመጪው ሳምንት ለወንድሟ ሠርግ አዲስ አበባ ትሄዳለች። ይህን ደብዳቤ በእሷ እጅ እልክልሻለሁ፣ ሁለተኛውን ካርድም ከውስጡ ታገኚዋለሽ። እኔ ዘንድ ምንም አያደርግም። ጌሙ በተራ ስልክም እንደሚነሳ ኸባብ የነገረኝ ገና ትናንት ነው፤ ከፈለግሽ እንዴት እንደሚጫን በዋትስአፕ ያሳይሻል፣ ታጋሽ ልጅ ነው። ጎመኑን ልትለቅሚው፣ እንዳለ ልትተዪውም ትችያለሽ። ባልቴቷን ሰላም በይልኝ፤ የመታኋት የሚዛን ካርድ ላይ ያለችውን ነው፣ ይቺ ምንም አታውቅም።

ለጋሽ ሐብተማርያም እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ። መልስሽን ቁጭ ብዬ አልጠብቅም፣ አረም ስላለብኝ፤ ግን ሲመጣ አነበዋለሁ።

ታዴዎስ
ሳውዝ ሲ፣ ናይሮቢ፣ ሰኔ 2018

ይህን ከፈረምኩ በኋላ፣ ስልክ ላይ ጌም መጫን ያስቸግርሽ እንደሆነ ሚዛንን ጠየቅኳት። ከፋሲካ ጀምሮ ስልክሽ ላይ ጭነሽው አዲስ መንደር እንደጀመርሽ ነገረችኝ።